ሁለት ዓመት የወደድኩት ጉድጓድ

ስፒከሮቼን የሠራሁት ኮምቦልቻ ነው። የተሳሳትኩትም እዚያው ነው። ስህተቱን ያገኘሁት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም በጆሮዬ ሳይሆን በግራፍ።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት «እስቲ ስማ፣ እንዴት እንደሚለሰልስ» ያላልኩት እንግዳ የለም። እንግዳውም ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቡናውን ይጠጣል። ቡና የጋበዘን ሰው ስፒከር መንቀፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አንድ ሰው ብቻ አላስቻላቸውም። ደሴ ያሉት አጎቴ አንድ ቀን መጥተው አንድ አምባሰል እስኪያልቅ ዝም ብለው ሰሙና «ማሲንቆውን ምን ነካው? ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አሉኝ። እኔ በሆዴ «እድሜ ነው፤ ጆሯቸው ደክሟል» አልኩ።

ጆሯቸው አልደከመም ነበር።

አጎቴ በካሴት ዘመን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሬን ይዤ እዚያ እቀመጥ ነበር። ሰው ስፒከር እንዴት እንደሚመርጥ ያየሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ ተለጣፊውን ያነባል፤ ስንት ዋት ነው? ቀጥሎ ጣቱን አጥፎ ሳጥኑን ያንኳኳል፤ ሐብሐብ የሚገዛ ይመስላል። በመጨረሻ ቤዙ ሲመታ መዳፉን የሳጥኑ ቀዳዳ ፊት ይዘረጋል። ንፋሱ እጁን ከመታው ነገሩ አለቀ። «ይሄ ነው ቤዝ ማለት!» አጎቴ አይከራከሩም። ዋጋውን ብቻ ይናገራሉ።

ያ ቀዳዳ የቱቦ አፍ ነው። ቱቦው ሳጥኑ ውስጥ ካለው አየር ጋር ሆኖ በአንድ በተወሰነ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በሰከንድ በተወሰነ ብዛት፣ ይወዛወዛል፤ ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፉ እንደሚጮኸው። ቤዙን የሚያግዘው ይሄ ነው። ንፋሱ እጅ እስኪመታ ድረስ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ቱቦው ጠቧል ማለት ነው፤ ያ ንፋስ ራሱ «ፉፍ ፉፍ» የሚል የራሱን ጫጫታ ሙዚቃው ላይ ይጨምራል። ደንበኛው እንደ ጥራት የቆጠረው ጉድለቱን ነበር። አልፈርድበትም። እኔም ኋላ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ዋቱማ የራሱ ጉድ አለው። አንድ የጠረጴዛ ቴፕ ፊት ለፊቱ ላይ በወርቃማ ተለጣፊ 3,000 ዋት ተጽፎበት አይቻለሁ። ከሥሩ «ፒ ኤም ፒ ኦ» ይላል። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ከሶኬት የሚስበው 40 ዋት ነው። ፒ ኤም ፒ ኦ የሚባለው ቁጥር የተስማሙበት አለካክ የለውም፤ አምራቹ ደስ ያለውን ይጽፋል። እውነተኛው ዋት እንኳ ቢሆን የስፒከሩ ሆድ ነው። ምን ያህል እንደሚበላ እንጂ ምን ያህል እንደሚሠራ አይነግራችሁም። የሚሠራውን የሚነግረው ሴንሲቲቪቲ የሚሉት ነው፤ 2.83 ቮልት ስትሰጡት አንድ ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያወጣል? ለ8 ኦም ስፒከር ይህ ቮልት 1 ዋት ማለት ነው። አንዱ 87፣ ሌላው 93 ዴሲቤል ቢያወጣ ልዩነቱ 6 ነው። ቀላል ይመስላል። ግን የመጀመሪያው ሁለተኛው ላይ ለመድረስ አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ደግሞም ከሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለወጠው ኢምንት ነው። 90 ዴሲቤል የሚያወጣ ደህና ስፒከር ከሚወስደው ውስጥ አንድ በመቶ እንኳ ድምፅ አያደርግም። የቀረው ሁሉ የመዳብ ጥቅሉን ማሞቂያ ነው። ስፒከር ማለት ትንሽ የሚዘፍን ምድጃ ነው።

የሚገርመው ሥራዬ መለካት መሆኑ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የድሮ መካኒኮች ኩሽኔታ መበላት መጀመሩን የሚያውቁት የካቻቪቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው ነው። ጎበዞች ናቸው። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ግን ማሽኑ ይቁም አይቁም ሲባል ካቻቪቴው ጥርጣሬውን ያመጣል፣ የንዝረት መለኪያው ይፈርዳል። ይህን ቀኑን ሙሉ የምሠራ ሰው ቤቴ ገብቼ ስለ ስፒከር ሳወራ «ይሞቃል፣ ይተነፍሳል፣ ይለሰልሳል» ነበር የምለው። አንድ ሠራተኛ ስለ ኩሽኔታ እንዲህ ቢለኝ ወደ ክሊኒክ እልከዋለሁ።

ሳጥኑን የሠሩልኝ እዚያው ኮምቦልቻ ያሉ አናጢ ናቸው። በር፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ የሚሠሩ ሰው። ስፒከር ሠርተው አያውቁም። ለእኔ ግን ከማንም በላይ ጥሩ ጥያቄ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው፤ «ለምን ትልቅ አታደርገውም?»

የጉዳዩ እንብርት እዚህ ነው። ስፒከር የሚሠራ ሰው ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ወደ ታች የሚወርድ ቤዝ፣ ትንሽ ሳጥን፣ በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ። ሁለቱን መርጦ ሦስተኛውን ይተዋል። ኬ ኤል ኤች የተባለውን የአሜሪካ ስፒከር ኩባንያ ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ በሆነው በሆፍማን ስም «የሆፍማን ብረት ሕግ» ይሉታል። ሂሳቡ ጨካኝ ነው። ድምፁ ሳይቀንስ ቤዙ ከ80 ኸርዝ (በሰከንድ 80 ውዝዋዜ) ወደ 40 እንዲወርድ ከተፈለገ ሳጥኑ 8 እጥፍ መሆን አለበት። የእኔ ሳጥን 15 ሊትር ነበር። ስምንት እጥፉ 120 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ስድስት ጀሪካን። ይህንን ለአናጢው ስነግራቸው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውጥተው አሰቡና «እንግዲያ ስፒከሩን ደጅ አድርገህ አንተ ሳጥኑ ውስጥ አትገባም?» አሉኝ።

ቤቴ ጠባብ ነው። ትንሹን ሳጥንና ደህና ቤዝ መረጥኩ፤ ድምፁን ሰዋሁ። 85 ዴሲቤል። ለሠርግ አይሆንም። ለአንድ ክፍልና ለአንድ ጀበና ቡና ይበቃል።

ሳጥኑ 18 ሚሊ ሜትር ኤም ዲ ኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ) ነው፤ ውስጡ በመስቀለኛ እንጨት ተወጥሯል። ቺፑድ ርካሽ ነበር፤ አናጢው «ብሎን ሲፈታና ሲታሰር ጠርዙ ይፈረፈራል» ብለው ከለከሉኝ። የፊት ጠርዙንም በመላጊያ አለዘቡልኝ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ሃሪ ኦልሰን የተባለ አር ሲ ኤ የሚባለው የአሜሪካ የሬዲዮ ኩባንያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንዱን ስፒከር ደርዘን በሚሆኑ የተለያዩ ሳጥኖች ውስጥ እየከተተ ለክቶ ነበር። እንደ ኳስ የከበበው ከሁሉ ለስላሳ መስመር ሰጠ፤ አራት ማዕዘን ኩብ ደግሞ ከመጥፎዎቹ ዋነኛው ሆነ። ድምፅ ስለታም ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከፊሉ እዚያ ተሰብሮ እንደ አዲስ ይነሳል። ኳስ የሆነ ሳጥን ሥሩልኝ ማለት ግን አልደፈርኩም።

አሁን ወደ ስህተቴ። ሳጥኑ ታች 6.5 ኢንች ዉፈር፣ ላይ 1 ኢንች ቱዊተር አለው። ሥራውን የሚያከፋፍላቸው ክሮስኦቨር ነው፤ ጥቂት የመዳብ ጥቅልና ካፓሲተር። ወፍራሙን ለዉፈር፣ ቀጭኑን ለቱዊተር ይልካል። ድንበራቸው 2,500 ኸርዝ ገደማ ነው። የተከተልኩትን ንድፍ ሳየው የቱዊተሩ ፕላስና ማይነስ ተገልብጦ ተስሏል። «የሣለው ሰው ተሳስቷል» አልኩ። አስተካከልኩለት። ፕላስን ከፕላስ፣ ማይነስን ከማይነስ። ትንሽም ኮራ ብዬ ነበር።

መለኪያ ማይክ የገዛሁት ከዚያ በጣም ቆይቶ ነው። አንድ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አመጣልኝ። ቀጭን ናት፣ ከላፕቶፕ ጋር ትገናኛለች፣ የራሷን ጉድለት የሚያርም ፋይል አብሯት ይመጣል። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለውን ሶፍትዌር በነፃ አወረድኩ። ከ20 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 20,000 የሚወጣ «ዉዉዉዪዪዪ» የሚል ድምፅ ያሰማና መስመር ይስልላችኋል። መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ለካሁ። የወጣው ነገር የጦሳን ተራራ ጫፍ ከሩቅ እንደማየት ነው፤ ጉብታ፣ ገደል፣ ጉብታ፣ ገደል። ደነገጥኩ። ከዚያ ተረጋጋሁ፤ የክፍሉ ሥራ ነው አልኩ።

ከፊሉ በእርግጥም የክፍሉ ነበር። የክፍሌ ርዝመት 4 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 343ን ለ8፣ ለርዝመቱ እጥፍ፣ ስታካፍሉት 43 ኸርዝ ይመጣል፤ የዚያ ድምፅ ግማሽ ሞገድ ልክ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይደርሳል። ስለዚህ 43 ኸርዝ ጥግ ላይ ለተቀመጠ ሰው ያገሳል፤ መሃል ላይ ለተቀመጠው ይጠፋል። ስፒከሩ ምንም አላደረገም። «ይሄ ስፒከር ቤዝ የለውም» ተብሎ የተመለሰ ስንት ዕቃ አለ፤ ጥፋቱ የወንበሩ ሆኖ ሳለ።

ክፍሉን ለመገላገል ደጅ መውጣት ነበረብኝ። እሑድ ማለዳ፣ ባጃጆቹ ሳይነሱ፣ ስፒከሩንና መሰላሉን ተሸክሜ ወደ ባዶ ሜዳ ሄድኩ። ማራዘሚያ ገመድ ከአንድ ጎረቤት ለመንኩ። ስፒከሩን 2 ሜትር ከፍታ ላይ ሰቀልኩት፤ ማይኩን 1 ሜትር ራቅ አድርጌ በዚያው ከፍታ አቆምኩ። ከፍታው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመሬት ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ ቀጥታ ከሚመጣው 3 ሜትር ከምናምን ይረዝማል፤ 9 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ሶፍትዌሩን «ከ9 ሚሊ ሰከንድ በኋላ የሚመጣውን አትስማ» ትሉታላችሁ። መሬቱ ተሰረዘ። ዋጋው ከ110 ኸርዝ በታች ያለውን ማመን አለመቻል ነው። ለእሱ ደግሞ ዶን ኪል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳየው ዘዴ አለ፤ ማይኩን ከዉፈሩ ወረቀት (አየሩን ከሚገፋው ሾጣጣ) ጥቂት ሚሊ ሜትር ድረስ ታስጠጋላችሁ። እዚያ ቅርበት ላይ ክፍሉም ሜዳውም አይሰማም፤ ወረቀቱ ብቻ። የቱቦውን አፍ ለብቻ ትለኩና በስፋቱ መጠን ትደምራላችሁ።

በሦስተኛው «ዉዉዪ» የሰፈር ልጆች ከበቡኝ። በአምስተኛው ሁሉም አብረው መጮህ ጀመሩ። ሁለት ልኬት በልጆች መዝሙር ተበላሽቷል። አንዱ ትንሽዬ ልጅ «አምቡላንስ ልታደርገው ነው?» አለኝ።

የተረፈው መስመር ደስ የሚል ነበር። ከ100 እስከ 1,500 ኸርዝ ድረስ የቦሩ ሜዳን ያህል ለጥ ያለ። ከ5,000 በላይም እንዲሁ። መሃሉ ላይ ግን፣ 2,500 አካባቢ፣ መስመሩ ወደ ታች ተምዘግዝጎ 20 ዴሲቤል ገደል ገብቷል። ማይኩን አዟዟርኩ። ሌላኛውን ስፒከር ሰቀልኩ። ያው ገደል፣ እዚያው ቦታ። ክፍል የለም። ግድግዳ የለም። የማሳብበው ነገር አጣሁ።

ቤት ገብቼ የድሮ ልኬቴን መልሼ አየሁት። ገደሉ እዚያም ነበር። በሌሎች ገደሎች መሃል ተደብቆ ነው። ደግሞ ግራፉን «አለስልስ» ብዬው ነበር፤ ያንን ቁልፍ ስትጫኑ ሶፍትዌሩ መስመሩን አማካይ እያወጣ ያቃናዋል። ገደሉ ረጋ ያለ ሸለቆ መስሎ ነበር። ሻጮች ግራፍ ሲያሳዩ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይሄ ነው፤ ምን ያህል ተለስልሷል? በግራ በኩል ያለው ቁጥርስ ከስንት እስከ ስንት ነው? ከላይ እስከ ታች 100 ዴሲቤል በሚያሳይ ወረቀት ላይ የሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ እንኳ ቀጥ ያለ መንገድ ይመስላል።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝና ረስ ራይሊ የተባሉ የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲሶች በስማቸው የሚጠራ የክሮስኦቨር ዓይነት አላቸው፤ ሊንክዊትዝ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የእኔም ንድፍ ከዚያ ቤተሰብ ነው፤ በኦክታቭ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው እጥፍ በሆነ ቁጥር፣ 12 ዴሲቤል የሚቆርጠው። በዚህ ዓይነት ክሮስኦቨር ድንበሩ ላይ የዉፈሩና የቱዊተሩ ድምፅ ተቃራኒ ሆነው ይወጣሉ። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል። ድምራቸው ዜሮ ነው። ንድፍ አውጪው ይህን ስለሚያውቅ የቱዊተሩን ሽቦ ሆን ብሎ ይገለብጠዋል፤ ያኔ ሁለቱ አብረው ይገፋሉ። ሥዕሉ አልተሳሳተም። ሰውዬው የሚሠራውን ያውቅ ነበር። ያረምኩት እኔ ነኝ።

2,500 ኸርዝ አካባቢ ምን አለ? የማሲንቆ ዜማ መሠረቱ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል። የጭራው ፍትጊያ ግን፣ ያ የሚቧጥጠው፣ የሚያሳክከው ነገር፣ እዚህ አካባቢ ነው። የሰው ንግግር ጥራትም እንዲሁ። እኔ «ይለሰልሳል» ያልኩት ማሲንቆው ጭራውን ስላጣ ነው። አጎቴ ጉንፋን ያሉት።

ታዲያ ለምን ወደድኩት? ይህ ጥያቄ ከሽቦው በላይ አስጨንቆኛል። ፍሎይድ ቱል የተባለ ሰው በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በኋላም ከሾን ኦሊቭ ጋር ሃርማን በተባለው የስፒከር ኩባንያ ውስጥ፣ ዕድሜውን በዚህ ጉዳይ ላይ ጨርሷል ማለት ይቻላል። ሰዎችን ከመጋረጃ ኋላ ስፒከር ያሰማ ነበር፤ ከዚያ የሰጡትን ነጥብ ከልኬቱ ጋር ያስተያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለቱ ባወጡት ጥናት 40 የሃርማን ሠራተኞች አራት ስፒከሮችን አንዴ በመጋረጃ፣ አንዴ እያዩ ሰሙ። መጋረጃው ሲነሳ ነጥቡ ተለወጠ። ትንሽና ርካሽ መሆኑ የታየው ስፒከር ወደቀ። ድምፁ ያው ነው፤ ያልተለወጠው እሱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ኦሊቭ 70 ስፒከሮችን ወስዶ ከልኬት ብቻ የሰሚዎችን ምርጫ የሚገምት ቀመር ሠራ። ግምቱ ከምርጫው ጋር 0.86 ተዛመደ። 1 ቢሆን ፍጹም ነው። በቀመሩ ውስጥ የቤዙ ጥልቀት ድርሻ 30 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው ሁሉ መስመሩ ፊት ለፊትም ወደ ጎንም ምን ያህል የተስተካከለ ነው የሚለው ነው። አጎቴ ሱቅ እጁን ቀዳዳው ላይ የሚያደርገው ደንበኛ ያን ያህልም አልተሳሳተም ለካ። ሰባ በመቶውን ነው የረሳው።

እነ ቱል መጋረጃ ከተጠቀሙ እኔ ጋቢ አለኝ። የአንዱን ስፒከር ቱዊተር ብቻ ገለበጥኩ፤ ሌላውን እንደነበረ ተውኩት። ሳሎኑን በጋቢ ጋረድኩ። ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ሆኖ አንዱን ሲያስቆም ሌላውን ያስጀምራል። የመጀመሪያው ሙከራ ከንቱ ነበር፤ የተስተካከለው ስፒከር ትንሽ ይጮህ ነበር። ሰው ልዩነቱ 1 ዴሲቤል ብቻ ቢሆንም የጮኸውን «ጥርት ያለ» ይለዋል። ሱቅ ውስጥ አንድ ስፒከር ከሌላው በልጦ ከተሰማችሁ መጀመሪያ ቮልዩሙን ጠርጥሩ። በሙከራ ድምፅ ሁለቱን አስተካክዬ እንደገና ጀመርን።

ባለቤቴ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ፣ ለዚሁ ብለው ከደሴ የወረዱት አጎቴ፣ እኔ። አምስት አምስት ዙር። ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ የተስተካከለውን መረጡ። አጎቴ አምስቱንም። በመጀመሪያው ዙር ላይ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «ይሄኛውን ጉንፋኑ ለቆታል» አሉ። እኔ ከአምስቱ ሦስቱን ጊዜ ባለ ጉድጓዱን ስፒከር መረጥኩ።

አዎ። ስህተቱን አውቄ፣ ምክንያቱን አውቄ፣ ግራፉን በስልኬ ይዤ። የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳላይ ሲሆን ጆሮዬ የለመደውን መረጠ። ማሲንቆው በተስተካከለው ስፒከር ሲመጣ «አሁንስ ቧጠጠኝ» አልኩ። ማሲንቆ እኮ ይቧጥጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ ረስቼው ነበር። ሁለቱንም አስተካክዬ ሦስት ሳምንት ከሰማሁ በኋላ ለሙከራ መልሼ ብገለብጠው አንድ ዘፈን እንኳ አልጨረስኩም።

ነገሩ እዚያ አላበቃም፤ አንዴ ማይክ ከያዛችሁ አትተዉትም። ስፒከሩን የቢሮ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጬ በ10 ዲግሪ እያዞርኩ ለካሁ። ባለሙያዎቹ ወደ ጎንም ወደ ላይም አዙረው 70 ልኬት ይወስዳሉ። እኔ አሥር ላይ ደከመኝ። ቢሆንም አሥሩ አንድ ነገር ነገሩኝ። ወደ ጎን 60 ዲግሪ ላይ ከ2,000 ኸርዝ ጀምሮ ድምፁ ይመነምናል፤ ከ3,000 በላይ መልሶ ያብጣል። የ2,000 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የዉፈሩን ስፋት ያክላል። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ዉፈሩ እንደ ባትሪ መብራት ፊት ለፊት ብቻ ይረጫል። ትንሿ ቱዊተር ስትረከበው ደግሞ ክፍሉን በሙሉ ታበራለች። ለዚህ ነው ሶፋው ላይና ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይ የተለያየ ዘፈን የሚሰማው። መድኃኒቱ ቱዊተሯን በቀንድ ቅርጽ ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ ነው ወይም ድንበሩን ዝቅ ማድረግ። ዝቅ ካደረግሁ ቱዊተሯ ትቃጠላለች። ተውኩት። ይህ የመረጥኩት ጉድለት ነው፤ ያኛው ሳላውቅ የገባ። ለእኔ ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

ቀንድ ካነሳሁ አይቀር፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ የተሰቀለውን ግራጫ ጥሩምባ አትናቁት። ግራፉን ብታዩት ከ300 ኸርዝ በታች ምንም የለም፤ ከላይም ቶሎ ያልቃል። ሳሎን ውስጥ ጆሮ ይቆርጣል። ግን የተሠራው ለሳሎን አይደለም። በ1 ዋት 105 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይጮሃል፤ ይህ ከእኔ ስፒከር ቢያንስ መቶ እጥፍ ዋት የመቆጠብ ያህል ነው። የሚያስተላልፈውም ቃል የሚለይበትን ክልል ነው። ንጋት ላይ ደሴ ሸለቆ ውስጥ ተኝታ ጉም እንደለበሰች፣ ከዚህም ከዚያም ማዶ የሚሰማው ቃል በቃሉ የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው። ቤዝ ቢጨመርበት ተራራው ያጉረመርማል እንጂ ቃሉ አይሰማም። የሠራው ሰው ምን እንደሚተው ያውቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ስፒከሮቹን ለእናቴ ወሰድኩላት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ሽቅብ። መንገድ ላይ አንድ ነገር አሰብኩ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል። ወረቀቱ የሚገፋው አየር ከሳሳ የሚወጣውም ድምፅ ይቀንሳል። አስልቼዋለሁ። ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ደሴ ላይ ከ2 ዴሲቤል በላይ ይጠፋል፤ አንድ የወደብ ከተማ ላይ 100 ዋት የሚበቃው እዚህ 160 ይፈልጋል። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው ልዩነት ግን ግማሽ ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ማንም ጆሮ አይለየውም። የቱቦው ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ጭራሽ አይነካም፤ ድምፅ የሚሄድበት ፍጥነት በሙቀት እንጂ በከፍታ አይለወጥም። ወንድሜ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰማኝ በኋላ ሾፌሩን «ጋሼ፣ ሬዲዮውን ክፈትልን» አለው።

እናቴ ስፒከሮቹን ወደደቻቸው። አንዱን ከቴሌቪዥኑ በግራ፣ አንዱን በቀኝ አቆምናቸው። ከግድግዳው እንዳይጠጉ ብዬ ወለሉ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ጠዋት ስነሳ ሁለቱም ከግድግዳ ተለጥፈዋል፤ እያንዳንዳቸው ላይ ነጭ ዳንቴል ተደርቦ ጫፉ ቱዊተሩን ጋርዶ ወርዷል። በላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አለ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ድምፁን ያፍነዋል።»

«አብሽር ልጄ፣ አቧራ እንዳይገባው ነው።»

ማይኩን ይዤ ነበር የመጣሁት። እሷ ወደ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ በዳንቴሉና ያለ ዳንቴሉ ለካሁ። ከ10,000 ኸርዝ በላይ አንድ ዴሲቤል ገደማ ነው የቀነሰው። ዳንቴሉን እንደነበረ መልሼ አለበስኩት። ጫፉን ግን በትንሹ ወደ ጎን ሳብ አድርጌዋለሁ፤ ከሰዓት መልሳዋለች።